ቮልሷ ዲስክ ገባላት፤ ቱቦውስ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የፍሬን ናቸው። የመጀመሪያውን በረዥሙ እመልሳለሁ። ጠያቂው መኪናውን ገና መንገድ ላይ አላወጣትም። የምነግረው ነገር ሳይረፍድ ይደርስለታል ብዬ ነው።

ጥያቄ፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የተረፈችኝ የ1965 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ለፊት እግሯ የዲስክ ፍሬን ዕቃ ላከልኝ። ዲስኮቹ፣ ካሊፐሮቹና ላስቲክ ቱቦዎቹ አሉ። ከዚያ ውጭ እዚያው ካለ መደብር አንድ ጥቅል የብረት ቱቦ ከነዳዶው፣ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ትንንሽ ቫልቭ፣ እንዲሁም በእጅ የሚዞር እጀታ ያለው ሌላ ቫልቭ ገዝቶ ጨምሮልኛል። መካኒኬ ‹ቫልቮቹን ተዋቸው። ቱቦ ካነሰን ከፍሪጅ ሠሪዎች መዳብ እንገዛለን። ማስተሩም የድሮው ይበቃል› ይላል። ዳዶው ማስተሩ ላይ ሲገባ ትንሽ ይላላል፤ በቴፍሎን ይጠብቃል ብሎኛል። ምን ይሻለኛል?»
ከሳሪስ

መልስ፦

ወንድሜ፣ የአባትህን መኪና ለማደስ መነሳትህ ደስ ብሎኛል። ደብዳቤህን ግን አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ትንሽ ይላላል» ያልክበት ላይ። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እንደርስበታለን። ያንን ዳዶ ግን ዛሬውኑ ፍታና አውጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድምህ የላከው ቱቦ የአሜሪካ ነው። ዳዶው የሚለካው በኢንች ነው፤ ውፍረቱ 3/8 ኢንች፣ ጥርሱ በኢንች 24። ቮልስ ደግሞ የጀርመን ናት። የማስተሯ፣ ማለትም ፔዳሉን ስትረግጥ ዘይቱን ወደ ቱቦዎቹ የሚገፋው ሲሊንደር፣ ቀዳዳ ባለ 10 ሚሊሜትር ነው፤ ጥርሱ በየ1 ሚሊሜትሩ። 3/8 ኢንች በሚሊሜትር 9.5 ገደማ ይሆናል። ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት ደግሞ 1.06 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ዳዶው በግማሽ ሚሊሜትር ይቀጥናል፤ ጥርሱ ግን ለጥቂት ተመሳስሏል። የሚገባው ለዚህ ነው። የሚዞረውም ለዚህ ነው። በቁልፍ ስትጨርሰውም የጠበቀ ይመስላል። የያዘው ግን በጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው። በግልባጩ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም የጀርመኑን ዳዶ አሜሪካ ቀዳዳ ላይ ብትሞክር፣ አልገባም ብሎ ባዳነህ ነበር።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. ተቀጥሬ በምሠራበት ጋራዥ አንዲት ነጭ ቮልስ መጣች። ከማስተሩ ወደ ኋላ የሚሄደው ቱቦ ዝጎ ያንጠባጥብ ነበር። ቱቦውን ቀየርኩ። ለዳዶው ግን አሮጌ ዳዶ ከሚጠራቀምበት የወተት ጣሳ አንዱን አነሳሁ። ገባ፣ ዞረ፣ ጠበቀ። አየር አወጣን፤ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። ለሙከራ በሽሮ ሜዳ አድርጌ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። መውጣቱ ሰላም ነበር። ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ጠንከር አድርጌ ስረግጥ ከስር «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኛ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ምንም የለም።

ከፊቴ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ይወርዱ ነበር። አጎንብሰዋል፣ አያዩኝም። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ከዚያ አንደኛ። የእጅ ፍሬኑን ጥቂት በጥቂት ሳብኩት። በመጨረሻ ጎማውን መንገድ ዳር ካለ የአፈር ቁልል ጋር አስደግፌ አቆምኳት። ሰው አልተነካም። ዳዶውን ስፈታው ጥርሱ ተልጦ እንደ ቀጭን የብር ክር ተጠቅልሎ መዳፌ ላይ ቀረ። ያ ዳዶ እስከ ዛሬ በመሣሪያ ሣጥኔ ክዳን ላይ በሽቦ ታስሮ አለ። አዲስ ልጅ ሲቀጠር ቁልፍ ከማስያዜ በፊት እሱን አሳየዋለሁ።

ስለዚህ ካሊብሮ ያለው ሰው ፈልግና እያንዳንዱን ዳዶ ለካ። አሥር ሊሆን ትንሽ የቀረው የጀርመኑ ነው። ዘጠኝ ተኩል ከሆነ የአሜሪካው ነው፤ ከቮልሷ አርቀው። ለወንድምህ ደውለህ «ባለ 10 ሚሊሜትር፣ ጥርሱ 1 ሚሊሜትር፣ ለ4.75 ሚሊሜትር ቱቦ» በለው። ዳዶ ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው፤ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ትክክለኛው ዳዶ መጀመሪያ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ይገባል። ሲገባም ወዲያ ወዲህ አይወዛወዝም።

ቴፍሎን ለቤት ውኃ ጥሩ ነው። ለፍሬን ግን አይሆንም። የፍሬን ቱቦ ላይ ዘይቱን የሚያግደው ጥርሱ አይደለም። የቱቦው አፍ ከቀዳዳው ወለል ጋር፣ ብረት ለብረት ተጣብቆ ነው የሚያግደው። ጥርሱ ሥራው መግፋት ብቻ ነው። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን የሚጠመጥም ሰው አፉ ልክ አልመጣም ማለቱ ነው። ከዚያም በላይ የቴፍሎኑ ቁራጭ ተቆርጦ ማስተሩ ውስጥ ያሉትን የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ይደፍናል።

አሁን ወደ አፉ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የቱቦ አፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ እንጉዳይ ራስ ጉብ ያለ ነው። የጀርመን መኪኖችና ያንተ ቮልስ የሚፈልጉት ይህን ነው። ሌላው እንደ ጡሩምባ ተከፍቶ ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው፤ ድርብ ነው። የአሜሪካ መኪኖች የሚፈልጉት ይህን ነው። ወንድምህ የላከው ቱቦ ከፋብሪካው አፉ ተሠርቶ ከመጣ ጡሩምባው መሆኑ አይቀርም። የትኛው እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ባትሪ ይዘህ ቀዳዳውን ወደ ውስጥ እይ። ከወለሉ ላይ ትንሽ ሾጣጣ ነገር ወደ አንተ ከወጣ ጡሩምባው እሱ ላይ ይቀመጣል። ወለሉ እንደ ሰሃን ጎድጎድ ካለ እንጉዳዩ ነው የሚገባው። የማስተሩን ቀዳዳ ብቻ አይተህ እንዳትተው። ቱቦ የሚገባበትን እያንዳንዱን ቦታ እይ፤ ካሊፐሩንም (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን)፣ ባለሦስት መገናኛውንም፣ የላስቲክ ቱቦውን ጫፍም። ከሁለት አገር ዕቃ ሲቀላቀል እያንዳንዱ ጫፍ የራሱ ጥያቄ አለው።

የአሜሪካውን ቱቦ መጣል የለብህም። የ3/16 ኢንች ቱቦ ውፍረት 4.75 ሚሊሜትር ነው፤ የቮልሷም ያው ነው። ጫፉን ቆርጠህ፣ የጀርመኑን ዳዶ አግብተህ፣ የእንጉዳዩን አፍ ታወጣለታለህ። የምትቆርጠው በመጋዝ አይደለም፤ እየዞረ በሚቆርጠው የቱቦ መቁረጫ ነው። ከዚያ የውስጡን ሹል ጠርዝ ትገርዘዋለህ፣ የውጩን ትሞርደዋለህ፣ በአየር ትነፋዋለህ። ዳዶውን አስቀድመህ አስገባ። አፉን አሳምሬ ከጨረስኩ በኋላ ዳዶው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ያየሁበትን ቀን አልቆጥርልህም። መጀመሪያ በቁርጥራጭ ቱቦ ላይ አምስት ስድስት አፍ ተለማመድ። ጥሩው አፍ ዙሪያው እኩል ነው፣ ስንጥቅ የለውም፣ ወደ አንድ ጎን አላዘነበለም። ትንሽ ከተጠራጠርክ ቆርጠህ ድገመው። የሁለት ሳንቲሜትር ቱቦ ዋጋ ምንም አይደለም።

የፍሪጅ መዳብ ፈጽሞ አይሆንም። እዚህ ላይ መካኒክህን በጨዋ ደንብ አስቁመው። በፍሪጅ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ቢበዛ ሃያ ባር አካባቢ ነው፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ፍሬን በኃይል ስትረግጥ ግን ከ70 ባር ያልፋል፤ በቀን መቶ ጊዜ ይወጣል ይወርዳል። ንጹሕ መዳብ ደግሞ መንቀጥቀጥ ሲበዛበት እየጠነከረ ይሄዳል፣ ከዚያ ከአፉ ሥር ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እስኪያንጠባጥብ ድረስ አይታይህም። እንደ መዳብ የሚታጠፍ ነገር ከፈለግህ ለፍሬን ተብሎ የተሠራ መዳብና ኒኬል ቅልቅል ቱቦ አለ፤ 90 በመቶው መዳብ፣ 10 በመቶው ኒኬል። አይዝግም፣ በእጅ ይታጠፋል፣ አፉም ሳይሰነጠቅ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ዛሬ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ባለ 25 ጫማው ጥቅል፣ 7.6 ሜትር ማለት ነው፣ ለአንዲት ቮልስ ይበቃል።

ስለ ማስተሩ። ያንተ 1965 ሞዴል ባለ አንድ ክፍል ማስተር ነው ያላት። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም እግር ፍሬን ያጣል። እንጦጦ ላይ የደረሰብኝ ይኸው ነው። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1967 ሞዴል ለአሜሪካ ገበያ ባወጣቸው ቮልሶች ላይ ባለሁለት ክፍል ማስተር ገጥሟል። የፊቱ ለብቻ፣ የኋላው ለብቻ ነው። አንዱ ቢሄድ ሌላው ይቀራል። የድሮው ማስተር ሌላም ጣጣ አለው። ውስጡ ግፊት አቆይ ቫልቭ አለ። የታምቡር ፍሬን፣ ማለትም ሸራው ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋበት የድሮው ዓይነት፣ እግርህን ስታነሳ ትንሽ ግፊት ቱቦው ውስጥ እንዲቀር ይፈልጋል፤ የሲሊንደሩ ጎሚኒዎች እንዳይለቁና አየር እንዳይስቡ። ዲስክ ግን ይህን አይፈልግም። የቀረው ግፊት ሸራውን ዲስኩ ላይ አስደግፎ ያስቀምጠዋል። መኪናዋ ትከብድሃለች፣ ቸርኬው ይግላል፣ ሸራው በአጭር ጊዜ ያልቃል።

ስለዚህ ለፊት ዲስክ የተሠራ ባለሁለት ክፍል የቮልስ ማስተር አስልክ። ውስጡ 19 ሚሊሜትር የሆነውን። «ትልቅ ከሆነ ኃይል ይኖረዋል» የሚልህ ሰው ካለ አትስማው፤ ነገሩ በተቃራኒው ነው። በእግርህ 40 ኪሎ ረገጥክ እንበል፣ የፔዳሉ ዘንግ ደግሞ አምስት እጥፍ ያባዛዋል እንበል። 200 ኪሎ ማስተሩን ይገፋል። በ19 ሚሊሜትሩ ላይ ይህ ለእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር 70 ኪሎ ይሆናል። በ22 ሚሊሜትር ላይ ወደ 52 ኪሎ ይወርዳል። ፔዳሉ አጭርና ደረቅ ይሆንልሃል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። ቮልስ የሚያግዝ ሰርቮ የላትም። ያለህ እግርህ ብቻ ነው።

ማስተሩን ስታስር አንድ ነገር አደራ። ከፔዳሉ የሚመጣው መግፊያ ዘንግ ከማስተሩ ፒስተን ጋር መነካካት የለበትም። 1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ፔዳሉን በጣትህ ስትነካው ያንን ትንሽ ባዶ ጉዞ ሊሰማህ ይገባል። ክፍተት ከሌለ ፒስተኑ እስከ መጨረሻው አይመለስም። ዘይቱ ወደ ገንዳው የሚመለስባት ቀዳዳ እንደተደፈነች ትቀራለች። ዘይቱ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ መሄጃ ያጣል፣ ፍሬኑ ራሱን ይይዛል። ከመገናኛ እስከ ቦሌ ደህና ሄዳ ቦሌ ላይ አልንቀሳቀስም የምትል መኪና ብዙ ጊዜ ችግሯ ይህ ነው።

ቫልቮቹን በተመለከተ መካኒክህ ልክ ነው። ቀዩ በተለምዶ ለታምቡር ነው፤ 10 ፒ.ኤስ.አይ. (ይህም የግፊት መለኪያ ነው) ያቆያል። ፊትህ ዲስክ ሆኗል፣ ስለዚህ ፊት ላይ አይገባም። ኋላ ላይስ? አዲሱ ማስተር ለኋላ ታምቡር የሚሆነውን ቫልቭ በራሱ መውጫ ውስጥ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከያዘ ሁለተኛ አትደርብበት። ሰማያዊው 2 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። እሱ የሚጠቅመው ማስተሩ ከነገንዳው ከካሊፐሩ ዝቅ ብሎ ወለል ሥር ለተቀመጠባቸው መኪኖች ነው፤ ዘይቱ ከካሊፐሩ ወደ ኋላ እንዳይፈስ። የቮልስ ማስተር ታች ቢሆንም የዘይት ገንዳዋ ከፊት ኮፈኑ ሥር ከፍ ብሎ ነው ያለው። ዘይቱ ሁልጊዜ ከላይ ይጫናል። አያስፈልግህም።

ባለ እጀታው ደግሞ የኋላውን ግፊት የሚቀንስ ነው። ሞተራቸው ፊት ለሆኑ መኪኖች የተሠራ ነው። እነሱ ሲቆሙ ክብደቱ ሁሉ ወደፊት ይሄዳል፣ ኋላቸው ይቀላል፣ የኋላ ጎማቸው ቀድሞ ይደርቃል፣ ማለትም መዞሩን ያቆማል። ያንተ ቮልስ ሞተሯን ኋላ ተሸክማለች። የኋላ ጎማዋ መሬቱን ይዟል። እኔ ብሆን አልገጥመውም። መገጣጠሚያ በበዛ ቁጥር የሚያንጠባጥብ ቦታ ይበዛል። ሦስቱንም ለወንድምህ አመስግነህ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣቸው።

ቱቦውን መዘርጋት ቀላል ነው፤ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። የድሮውን ሳትጥል አውጣውና እንደ ንድፍ ተጠቀምበት። መጀመሪያ በልብስ መስቀያ ሽቦ መንገዱን አጥፈህ ሞክር፣ ከዚያ ቱቦውን በሽቦው ልክ እጠፍ። ስለታም ማጠፊያ አትስጠው። ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ጎሚኒ ይግባ። በየ30 እና 40 ሳንቲሜትሩ ከአካሉ ጋር ይታሰር። የሚንቀጠቀጥ ቱቦ ራሱን ይበላል። ወደ ኋላ የሚሄደው ከመሃሉ ጉብታ ጎን ነው የሚያልፈው፤ ምንጣፉን አንስተህ ስትጨርስ የወንበሩ ሐዲድ እንዳይነካው እይ።

ላስቲክ ቱቦዎቹን ካሰርክ በኋላ መኪናዋን በክሪክ አንሳ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙር። ጎማው ተንጠልጥሎም፣ ተጭኖም እይ። ላስቲኩ የትም መወጠር የለበትም፣ የትም ጎማ ወይም ቸርኬ መንካት የለበትም። ይህን ሁለት ሰው ሆናችሁ ሥሩት። አንዱ መሪ፣ አንዱ ተኝቶ ይይ።

አየር ስታወጡ አንድ ነገር አትርሱ። የካሊፐሩ አየር ማውጫ ብሎን ከላይ በኩል መሆን አለበት። ግራና ቀኙን ካቀያየራችሁት ብሎኑ ታች ይሆናል፣ አየሩ ከላይ ይቀራል። ሦስት ሊትር ዘይት ብትጨርሱም ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ከማስተሩ ከሚርቀው ጀምሩ፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። የኋላውን ታምቡር ሸራ አስቀድማችሁ አስተካክሉ፤ ሸራው ራቅ ካለ ፔዳሉ አየር ያለበት ይመስላችኋል። የፍሬን መብራቱ ማብሪያ ማስተሩ ላይ ስለሆነ ሽቦውን ማገናኘት እንዳትረሱ።

ከዚያ ሞተር ሳታስነሳ ቁጭ ብለህ ፔዳሉን በሙሉ ኃይልህ ለአንድ ደቂቃ ያህል ርገጥና ያዝ። መካኒክህ በደረቅ ነጭ ጨርቅ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ይጥረግ። ጨርቁ ከረጠበ አፉ ልክ አልሆነም። የመጀመሪያው መንገድህ ሜዳ ይሁን፣ ቁልቁለት አይሁን። ከሳምንት በኋላ ጨርቁን ይዛችሁ ድገሙት።

ጥያቄ፦

«ጋሼ፣ እኔ የድሮ ባለ ታክሲ ነኝ። ላዳዬ አሁን ለቤት ብቻ ናት። ከኋላ አክሰሉ ጋር በዘንግ የተያያዘች፣ የፍሬን ቱቦ የሚያልፍባት ነገር ዘይት ታንጠባጥባለች። መካኒኩ እንዝለላትና ቱቦውን ቀጥታ እናገናኝ አለኝ። ችግር አለው?»
ከኮልፌ

መልስ፦

ጋሽዬ፣ እባክዎን አይዝለሏት። ያቺ ነገር የኋላ ፍሬንዎን ግፊት የምትመጥን ናት። ለሳሪሱ ወንድማችን ግፊት ቀናሽ አያስፈልግህም ብዬዋለሁ፤ ለእርስዎ ግን የማይቀር ነው። የላዳ ሞተር ፊት ነው። ሲቆሙ ጀርባዋ ይነሳል። በዘንጉ በኩል ያቺ ዕቃ ጀርባው ምን ያህል እንደተነሳ ታያለች፣ በዚያው ልክ ለኋላ ጎማ የሚሄደውን ግፊት ትቀንሳለች። ሰው ሲጫንና ጀርባዋ ሲወርድ ደግሞ ትለቃለች። ከዘለሏት ባዶዋን ስትሄድ፣ በተለይ በክረምት ዝናብ፣ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይደርቁና መኪናዋ ትዞራለች።

ይህቺ መኪና በዲስክ ታሪክ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። ላዳ የተወለደችው ከፊያት 124 ነው። ፊያቷ እ.ኤ.አ. በ1966 ስትወጣ አራቱም እግሯ ዲስክ ነበር። ሩሲያውያኑ በ1970 የራሳቸውን ሲያመርቱ የኋላውን ወደ ታምቡር መለሱት፤ ለጭቃና ለአቧራ መንገድ ታምቡር ይሻላል ብለው። ለኛም መንገድ ተስማምቷል።

ፈተናው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥ፣ እርስዎ ወይም መካኒኩ ከሥር ሆናችሁ ፒስተኗን እዩ። በዘንጉ በኩል ወጣ ካለች ሕይወት አለች፣ ጎሚኒዋ ብቻ ነው የሄደው። ንቅንቅ ካላለች ዝጋ ተጣብቃለችና ሙሉዋን ይቀይሩ። ሲያስሩ ዘንጉን በነበረበት ቦታ ይመልሱት፤ ስትፈቱ በቀለም ምልክት ብታደርጉ ይቀላል።

ጥያቄ፦

«ሰላም ጋሼ። ባለቤቴ የ1966 ሙስታንግ አለው፤ የፊቱን ወደ ዲስክ ቀይሮታል። የፍሬን ዘይቱ ሲጎድል እኔ ጋራዡ ውስጥ ያገኘሁትን ሐምራዊ ዘይት ጨመርኩበት። ዶት 5 ይላል። የነበረው ግን እንደ ማር ቢጫ ነበር። አበላሸሁት?»
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦

እህቴ፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ጠየቅሽ፤ በጣም ጥሩ አደረግሽ። አትነዱት። ሐምራዊው ዶት 5 የሲሊኮን ነው። ቢጫው ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው፤ የግላይኮል ነው። ሁለቱ እንደ ዘይትና ውኃ ናቸው፣ አይዋሐዱም። ግላይኮሉ እርጥበት ካገኘ ከራሱ ጋር ያዋሕደዋል። ሲሊኮኑ አያዋሕድም። ስለዚህ ውኃው ጠብታ ሆኖ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ካሊፐሩ ሲግል እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል።

ፔዳሉን ማንም ካልረገጠው የተቀላቀለው ገንዳው ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ገንዳውን በመምጠጫ ባዶ አድርጉት፣ ብናኝ በማይለቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ ከተከፈተ ያልቆየ ዶት 4 ሙሉና በአራቱም እግር ንጹሕ ቢጫ እስኪወጣ አስወጡ። ተረግጦ ከሆነ ግን ሥራው ይበዛል። ማስተሩና ካሊፐሮቹ ተፈተው ይታጠቡ፣ ጎሚኒዎቹ ይቀየሩ።

ዶት 5.1 የሚል ጠርሙስ ካያችሁ አትደንግጡ። ስሙ ቢመሳሰልም እሱ ግላይኮል ነው፣ ከዶት 4 ጋር ይስማማል። ቢጫው ዘይት ቀለም ይልጣል። የሙስታንጉ አካል ላይ ከነካ ወዲያው በብዙ ውኃ አጥቡት፤ በጨርቅ ብቻ አትጥረጉት።